በቅሎዋና ክቡ ሐይቅ

ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ነው መልሱ፤ ይህ ተረትም የሚጀምረው ከላም ነው።

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ዘንገና የሚባል ሐይቅ አለ። ክብ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጥልቀቱን የለኩት ደግሞ 166 ሜትር ነው ይላሉ። ድሮ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ስለሆነ ዳሩ ገደል ነው፤ እንደ ልብ ዘው ተብሎ አይወረድበትም።

አውሬውና የቤት እንስሳው አብረው በሚኖሩበት ዘመን ይህን ሐይቅ መጀመሪያ ያገኘችው አንዲት የጠማት ላም ነበረች። ውኃው ከታች ይታያታል፤ መውረጃው ግን የለም። ስትዞር ስትዞር፣ ከጀመረችበት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ አንዲት ቀጭን መንገድ አገኘችና ወርዳ ጠጣች። ልጆቿ እናታቸው ያደረገችውን አደረጉ፤ ዞረው ጠጡ። የልጅ ልጆቿም ዞረው ጠጡ። ቀጭኗ መንገድ በእግር ብዛት ሰፍታ ጋሪ የምታሳልፍ ስትሆንም መዞሩ አልቀረም። እንዲያውም ሐይቁን ሳይዞር የጠጣ ሆዱ ይነፋል ተባለ።

ጭቅጭቁ የመጣው ኋላ ነው። ላሚቱ የዞረችው በቀኝ ነው ያሉት ቀኝ ዟሪ ተባሉ፤ በግራ ነው ያሉት ግራ ዟሪ ተባሉ። የሚዞሩበት መንገድ አንድ ነው፤ እሱም የገደል አፋፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች በየማለዳው ማዶ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ማን ለማን ይለፍ? ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድማ የቀንድ ድምፅ እንጂ ባለቀንዱ አይታይም። የገባው ውኃ ገባ፤ የተረፈው ጠጥቶ ተመለሰ።

በዚያ አገር አንዲት በቅሎ ነበረች። እናቷ ባዝራ ነች። በጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት ፈረሶቹ በግላስና በዛብ አጊጠው እንጅባራ ሜዳ ላይ ሲጋለቡ ከፊት ከሚታዩት አንዷ ነበረች፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ዘሯ ከዚያ ሜዳ ጠፍቶ አያውቅም ይባልላታል። አባቷ አህያ ነው። በዓሉ ዕለትም እንጨት ይሸከም ነበር።

በቅሎዋ ከእንጅባራ ድንችና ገብስ ጭና ዳንግላ ገበያ ትወርዳለች፤ ከዳንግላ ጨውና ወሬ ጭና ትመለሳለች። ወሬውን በአፍ ብቻ አልተወችውም። የአዊ ቀርከሃ ተሰንጥቆ ሲዘረጋ ሰፊ ገበታ ይወጣዋል። ሰኮናዋን ጥቁር ጭቃ ውስጥ እየነከረች እዚያ ላይ ትጽፍና፣ ሲደርቅ መውረጃው መንገድ አፍ ላይ ታቆመዋለች። «ዳንግላ ላይ ጨው ተወደደ።» «የድንች ዘር ያለው ለባንጃ ገበሬ ያካፍል።» «ትናንት ማታ ማዶ ላይ ሁለት በጎች ገደል ገቡ። አንዱ ቀኝ ዟሪ፣ አንዱ ግራ ዟሪ ነበር። ውኃው አልለያቸውም።»

አንድ ማለዳ ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ውኃው የጋራ ነው፤ ዙሩ የግል ነው። መዞር የፈለገ ይዙር፣ ያልፈለገ ወርዶ ይጠጣ።» ገበታውን አቆመችና ሳትዞር ወርዳ ጠጣች። ሆዷ አልተነፋም።

ያን ጊዜ ንጉሡ አንበሳ ነበር። የዙሩ ጠባቂ ደግሞ አባ ጉሬዛ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ደርበው ዛፍ ላይ ተቀምጠው ማን በየት በኩል እንደዞረ ይቆጥራሉ። ወዲያው ችሎት ቀረቡ።

«ጃንሆይ፣ ይህች በቅሎ ሳትዞር ጠጥታ ሆዷ አልተነፋም።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?» አለ አንበሳ።

«አለመነፋቷ ነው ክፋቱ፣ ጃንሆይ። ነገ ሌላው ቢያያትስ?»

አንበሳ ብዙ አሰበና «ሆዷ ይነፋ» ብሎ ፈረደ። እርጥብ ገብስ አምጥተው፣ አፏን ፈልቅቀው፣ እስክትጠግብና ከዚያም በኋላ አበሏት፤ በላዩ ውኃ አጠጧት። ሆዷ ተነፋ። በማግስቱ አዋጅ ነጋሪ «ሳትዞር የጠጣችው በቅሎ ሆዷ ተነፋ!» እያለ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ለፈፈ። ጥቂት ተጠራጣሪዎች መጥተው በዓይናቸው አዩ፤ በግንባራቸው ሆዷን ገፋ ገፋ አድርገው አረጋገጡ።

በቅሎዋ ሆዷ ሲጎድልላት ይህንኑ ጻፈች፦ «የተነፋሁት በእርጥብ ገብስ ነው። አብላዮቼ ሦስት ነበሩ።» ስማቸውንም ከነአባታቸው አሰፈረች።

ከዚህ በኋላ ገበታ ሁሉ ሳይቆም እንዲመረመር ተወሰነና የሳንሱሩ ሥራ ለፍየል ተሰጠ። ፍየል ትጉ ሠራተኛ ነበረች። ያልወደደችውን ገበታ ትበላዋለች። የወደደችውንም ትበላዋለች። የድንች ዘር ወሬ ሳይቀር ሆዷ ገባ፤ በዚያ ዓመት ባንጃ ላይ ድንች የዘራ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ በቅሎዋ ሌሊት ሌሊት እየጻፈች ታቆማለች፤ ፍየል ጠዋት እስክትነሳ ያነበበ ያነባል።

አባ ጉሬዛ እንደገና ችሎት ቀረቡ።

«ጃንሆይ፣ እዚሁ ጎረቤታችን አቸፈር የተወለደ አቤ ጉበኛ የሚባል ሰው አለ። ጋዜጠኛም ደራሲም ነው። በ1955 ዓ.ም. መጽሐፍ ጻፈ፤ ገና በእናቱ ማኅፀን ያለ ልጅ እንዲህ ያለ ዓለም ውስጥ አልወለድም ብሎ ሲሟገት የሚያሳይ ነው። ስሙም ‹አልወለድም› ነው። ሰዎቹ ምን አደረጉ? መጽሐፉን አገዱ፤ ሰውዬውን ወደ ጎሬ አጋዙ። እኛ ከማን አንሰን?»

አንበሳ ከማንም ማነስ አይወድም። በቅሎዋም ጎሬ ተጋዘች። ጎሬ ዝናቡ አያባራም። እዚያ ቡና ጭና ስትወጣ ስትወርድ ዓመታት አለፉ፤ የጻፈችውን ሁሉ ዝናቡ አጠበው። ስለዚህ ስለ ጎሬ የሚነገር ብዙ የለም።

በመስከረም 1967 ሰዎቹ ንጉሣቸውን ሲያወርዱ እንስሳቱም አንበሳቸውን አወረዱ። ጅቦች ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ። ትናንት አያ ጅቦ ሲባል የነበረው ዛሬ ጓድ ጅብ ተባለ። በቅሎዋን ከጎሬ አስመጥተው ሜዳ ላይ አቆሟትና «ጭቁኗ በቅሎ!» እያሉ አጨበጨቡላት። የአባ ጉሬዛ ካባ እንዲገፈፍ ተወሰነ፤ ካባው ግን ቆዳቸው ነበር።

ቀጥሎ አዋጅ ወጣ። ከዛሬ ጀምሮ ሐይቁን መዞር፣ ለመዞር ማሰብ፣ ሲዞሩ አይቶ ዝም ማለት ክልክል ነው።

በቅሎዋ ደስ የሚላት መስሏቸው ነበር። እሷ ግን በዚያው ሌሊት ያንኑ አሮጌ ዐረፍተ ነገር ጻፈች፦ «ውኃው የጋራ ነው፤ ዙሩ የግል ነው። መዞር የፈለገ ይዙር።»

ኮሚቴው አስጠራት። «ጓድ በቅሎ፣ አልዞርም ብለሽ አይደለም ወይ ጎሬ የተጋዝሽው?»

«የተጋዝኩት ዙሩ ግዴታ ነው ስለተባለ ነው። አሁን ደግሞ አለመዞሩ ግዴታ ሆነ።»

«ይኼ የመሃል ሰፋሪነት ነው» ተባለ፤ በቃለ ጉባኤም ተያዘ።

አዋጁ በጥብቅ ተፈጸመ። ውሻ ከመተኛቱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በራሱ ዙሪያ መዞር ልማዱ ስለሆነ በኅቡዕ ዟሪነት ተያዘ። ቀንዱ የተጠማዘዘ በግ ቀንዱን በመጋዝ ተቆረጠ። ጥጃ እናቷን ከኋላ ዞራ ለመጥባት ስትሞክር ተገሰጸች፤ ፊት ለፊት ትምጣ ተባለ። ማታ ማታ ደግሞ ስብሰባ ነው። የበቅሎዋ አባት አህያም አንድ ምሽት ለስብሰባ ተጠርቶ ሄደ። እንጨቱን እንኳ ከጀርባው አላወረደም፤ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ነው። ስብሰባው እስካሁን አልተበተነም።

በቅሎዋ እዚያ የጻፈችው የመጨረሻ ገበታ ይህ ነው፦ «በሰዎቹ ዘንድ በዓሉ ግርማ የሚባል ደራሲና ጋዜጠኛ በ1975 ‹ኦሮማይ› የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በእኛ ዘንድ አባቴ ስብሰባ ላይ ነው።»

ጎህ ሳይቀድ ወጣች። በዳንግላ አድርጋ፣ ጣናን በስተቀኝ ትታ፣ ቋራን አቋርጣ መተማ ደረሰች። ጣናን ስታይ የዚያ አገር እንስሳት በየት በኩል ይሆን የሚዞሩት ብላ ለመጠየቅ አልቆመችም። ከመተማ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ገባች።

ካርቱም ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ከተማ ነው። ከአዊ ጎረቤት ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ውኃ እዚያ ሲደርስ ሰፍቶ በደጅ ያልፋል። በቅሎዋ ገና ከወንዙ ዳር ስትደርስ ከዘንገና የተሰደዱ ዘመዶቿን አገኘቻቸው። ቀኝ ዟሪው አለ፣ ግራ ዟሪው አለ፣ ከኮሚቴው ተጣልቶ የወጣ አንድ ጅብም አለ፤ እሱ እንደ ደንቡ ቁርበት አንጥፉልኝ እያለ ነው። ሁሉም ከንፈራቸው ደርቋል። መካከላቸው አንድ ባልዲ ውኃ ተቀምጧል።

«ወንዙ እያለ ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

«ወንዝማ አይዞርም» አሏት። «ከየት ተነስቶ በየት ይዞራል? ባልዲ ግን ይዞራል።»

እውነትም እየተራመዱ ባልዲውን ይዞራሉ። ቀኝ ዟሪው በቀኝ፣ ግራ ዟሪው በግራ፤ ባልዲ ሐይቅ አይደለምና በየእርምጃው ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ። በተጋጩ ቁጥር ውኃው ይደፋል፤ በተደፋ ቁጥር ማን እንደደፋው መግለጫ ይወጣል። የበቅሎዋን መምጣት ሲሰሙ ሁለቱም ወገኖች ደስ አላቸው፤ ጽሑፏ አገር ያወቀው ነውና መግለጫውን እንድትጽፍላቸው ፈለጉ። እሷ ወደ ወንዙ ወርዳ ጠጣች። በማግስቱ የስደተኞቹ ማኅበር በሙሉ ድምፅ አሰናበታት፤ ቀኝና ግራው ተስማምተው ድምፅ ሲሰጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

አንድ የአገሩ ግመል ነገሩን ከሩቅ ሲያይ ከርሞ «ዘመዶችሽ ምን ሆነው ነው ባልዲ የሚዞሩት?» ብሎ ጠየቃት።

በቅሎዋ ለዘመዶቿ አፈረችላቸው። «የአገራቸው ናፍቆት ነው» አለች።

እንዲህ እያለች ጨው ጭና፣ ሸንኮራ ጭና፣ ለባዕድ ነጋዴ እያገለገለች ኖረች። ሌሊት ሌሊት ግን ትጽፋለች፤ በረሃ ላይ ቀርከሃ የለምና አሸዋ ላይ ትጽፋለች። ያን የሚያነበው ንፋስ ብቻ ነበር።

በ1983 ጅቦቹ ሸሹ፤ ጃርቶች መጡ። በቅሎዋ ወሬውን እንደሰማች በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ዘንገና ስትደርስ ሐይቁን አላወቀችውም። ጃርቶቹ እሾሃቸውን እየነቀሉ ከዳር እስከ መካከል በመደዳ ተክለውበት በቁራሽ በቁራሽ ተከፍሏል። የላም ቁራሽ፣ የፈረስ ቁራሽ፣ የበግ ቁራሽ፣ የፍየል ቁራሽ። ሐይቁ የሁሉም ስለሆነ ለሁሉም የየራሱ ይሁን ነው የተባለው። ዳክዬ ከላም ውኃ ወደ ፍየል ውኃ ስትዋኝ በሕገወጥ ዝውውር ተይዛ ዳር ላይ ታስራ ነበር። ዙሩስ? ዙሩም ተፈቅዷል፤ ግን ሁሉም በገዛ ቁራሹ ውስጥ ይዙር፣ የሌላውን ድንበር እንዳይረግጥ። ፈረሶቹ በጠባቧ ቁራሻቸው ውስጥ በአንድ እግራቸው እየተሽከረከሩ ይዞሩ ነበር።

በቅሎዋ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። «የተከበሩ ጃርት፣ ሰዎቹ በ1987 ዓ.ም. ባጸደቁት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ብለው ጽፈዋል። እኛም ውኃውን ከዙሩ ብንለይስ?»

«ለይተናል እኮ» አለ ጃርት። «ላምን ከፈረስ፣ ፈረስን ከበግ፣ በግን ከፍየል። ያንቺ ወገን የትኛው ነው? እናትሽ ማናት?»

«ባዝራ።»

«አባትሽስ?»

በቢሮው ያለው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። በድሮው ተረት በቅሎ አባቷን ስትጠየቅ ፈረስ አጎቴ ነው ብላ ታመልጣለች። ይህችኛዋ ግን «አህያ ነው፤ ስብሰባ ሄዷል» አለች።

የፈረስ መዝገብ ያዥ ግማሽ አንመዘግብም አለ። የአህያ መዝገብ ያዥም ግማሽ አንመዘግብም አለ። ድምፅሽን አሰሚን ተባለች፤ እያሽካካች ጀምራ እያናፋች ጨረሰች። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ።

ፍርድ ቤቱን መላ ያስተማረው ከፈረንጅ አገር በዓባይ ሸለቆ አድርጎ በየዓመቱ የሚመጣው ሽመላ ነው ይባላል። ሽመላ ወሬውን ያወራው ለማስተዛዘን ነበር፦ «ግብፅ ውስጥ ናስር ሐሚድ አቡ ዘይድ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ቁርኣንን በምሁር ዓይን መረመረ ብለው ከሰሱት። እንደ ፈረንጆቹ በ1995 ፍርድ ቤቱ ከሃይማኖቱ ወጥቷልና ከሚስቱ ይፋታ ብሎ ፈረደ። እሱም ሆነ ሚስቱ ፍቺ አልጠየቁም። ተያይዘው ተሰደዱ፤ ላይደን የምትባል የኔዘርላንድ ከተማ ገቡ።»

ዳኛው ዔሊ ይህን ሲሰማ አንገቱን ከድንጋዩ ውስጥ ብቅ አደረገ። በሦስተኛው ቀጠሮ በቅሎዋን ከእናቷ አፋታት።

ባዝራዋ ችሎት ድረስ መጣች። (ባዝራ ይህን ሁሉ ዘመን ትኖራለች ወይ የሚል ካለ፣ ዔሊ ዳኛ ሲሆን ያልጠየቀ ዝም ይበል።) «እኔ ነኝ የወለድኳት። የተወለደችው በሐምሌ ጭቃ ነው፤ እግሯ እየተንሸራተተባት ሦስቴ ወድቃ በአራተኛው የቆመችው እኔ ሥር ነው» አለች።

«አቤቱታሽ ተሰምቷል» አለ ዔሊ፤ «ፍቺው ግን ጸንቷል።»

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ባንድ ቁራሽ መጠጣት ተከለከሉ። እናቲቱ የፈረስ ቁራሽ አላት። ልጅቱ የላትም። ማታ ማታ፣ ጃርቶቹ ሲተኙ፣ ባዝራዋ ውኃ በአፏ ሞልታ ትወጣና ከድንበሩ ማዶ ቆማ ለምትጠብቃት ልጇ የድንጋይ ጎድጓዳ ላይ ትተፋላት ነበር። ሁለት ጉንጭ አይሆንም። አንድ ሌሊት ጠባቂው አያቸው። ባዝራዋ በኮንትሮባንድ ተከሰሰች፤ በቅሎዋ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ መተማ ወረደች።

አሁን ግን ሽመላ አለ። ወደ ደቡብ ሲመጣ ካርቱም ላይ ያርፋል፤ በቅሎዋ የምትለውን በቃሉ አጥንቶ ዘንገና ዛፍ ላይ ቆሞ ይናገረዋል። የጨው ዋጋ፣ የዳኛው ፍርድ፣ የታሰረችው ዳክዬ። ጃርቶቹ ሽመላን ማባረር አልቻሉም፤ ሰማዩን ገና አልከፋፈሉትም። ስለዚህ እንቁራሪቶችን ቀጠሩ። ሽመላ አፉን ሲከፍት እንቁራሪቶቹ ባንድ ላይ ይጮኻሉ፤ ሲዘጋ ይዘጋሉ። አያሌ እንስሳት መስማት ያቃታቸውን ያህል ለመስማት ጓጉ። ኋላ ኋላ እንቁራሪቶቹ ልማድ ሆነባቸውና ሽመላ በሌለበት ወር ሁሉ መጮህ ቀጠሉ፤ ሌሊት የሚተኛ ጠፋ። ቁራሽ የሌላቸው ጥጃዎች ደግሞ «ዛሬ በቅሎዋ ምን ብላ ይሆን?» እያሉ ያልተባለውንም ፈጥረው ይነጋገሩ ጀመር።

ባዝራዋ የሞተችው በዚያ ጩኸት መካከል ነው። ሽመላ መርዶውን ካርቱም አደረሰ።

በ2010 ሰዎቹ ስደተኞቻቸውን ኑ ግቡ ሲሉ እንስሳቱም ኑ ግቡ አሉ። በቅሎዋ አርጅታለች፤ ጥርሷ ሄዷል፤ ዓይኗ ደክሟል። መተማ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ጃርት ቅጽ ይዞ ተቀበላት። በትሕትና አንቱ ብሎ ነው ያናገራት።

«እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይህችን ብቻ እንሙላ። ቀኝ ዟሪ ኖት ግራ ዟሪ?»

«ጠምቶኛል፣ ልጄ።»

ወጣቱ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው። «ጠምቶኛል የሚል ቦታ የለውም» አለ፤ ክፉ ልጅ ግን አልነበረም። ከታች ‹ሌላ ካለ ይገለጽ› በሚለው ላይ «የጠማት» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት።

ወረቀቱ ዘንገና ሲደርስ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። አዲስ ወገን ከመጣ ቁራሽ ሊሰጠው ግድ ነው፤ ከማን ተቆርጦ ይሰጥ? ላም እምቢ አለች። ፈረስ እምቢ አለ፤ ፍርድ ቤት የለየንን ዘመድ አታምጡብን አለ። በግና ፍየልም በአቋማቸው ጸኑ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ጃርት ካርታውን ዘርግቶ ሲያይ ለማንም ያልተሰጠ ቦታ አገኘ፤ ቁራሾቹ ሁሉ የሚገናኙባት መካከለኛዋ ነጥብ፣ 166 ሜትር የተባለችው።

በቅሎዋ ጽሕፈት ቤት ቀርባ የይዞታ ማረጋገጫዋን ተቀበለች። ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ «ወደ መካከሉ የምደርሰው በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የማንንም ቁራሽ ሳይረግጡ» አለ መዝገብ ያዡ፤ መመሪያው ላይ ያለው ይኸው ብቻ ነበር። ቀጥሎ መሳቢያውን ስቦ ደረሰኝ አወጣ። «እማማ፣ አሁን የግብሩን እንጨርስ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ነው?»

«ከተሰደዱበት ዓመት ጀምሮ ነው» አለ፤ ጣቱን እየላሰ ወረቀቱን ገለጠና ወለዱን መደመር ጀመረ።